የሐበሻ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ውሻ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?

የቡቺ አሳዳጊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ የሆነውን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ሰፈራችን ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በረንዳው ላይ «ውሻ ይዞ መቀመጥ ይቻላል» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ውሻዬን ቡቺን ይዤ ሄድኩ። አምስት ዓመቷ ነው፤ ክትባቷ የተሟላ፣ ታጥባ የተበጠረች። ፍርፍር አዝዤ ገና አንድ ሳልጎርስ ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። አብሯቸው የነበረው ልጃቸው ወደ እኔ ዞሮ «እዚህ እኮ ሰው ይበላል» አለኝ።

ሕግ አልጣስኩም። ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ባለቤቱ ከፈቀደ ውጭ ባለው መቀመጫ ውሻ ይዞ መብላት ይቻላል። ካሊፎርኒያም ከ2015 ጀምሮ እንዲሁ ናት። ግን እኚያ እናት ቁርሳቸውን ትተው መሄዳቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የእኛ ምግብ ቤቶች ይህን መፍቀድ አለባቸው? እኔ አዎ ባይ ነኝ፤ ቡቺ ቤተሰቤ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ብቻዋን ዘግቼባት ስሄድ ያመኛል። የእናንተን ንገሩኝ።

እማማ፣ ሃያትስቪል፦

ልጄ፣ ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም፤ ብሆን ግን እነሣ ነበር። ውሻ ጠልቼ አይደለም። ገጠር ነው ያደግሁት፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ በጎቻችንን የሚያስጥል ውሻ ነበረን። የሚበላው ተሰጥቶት ደጅ ያድራል። ክብር ነበረው፣ ቦታም ነበረው። ማዕድ ግን ሌላ ነው።

የእኛ ምግብ በእጅ ነው የሚበላው፤ ከአንድ ትሪ፣ ለብዙ ሰው። አንተ ውሻህን ትዳብሳለህ፤ በዚያው እጅህ እንጀራ ትቆርሳለህ፤ ከዚያ ደግሞ ለሰው ታጎርሳለህ። ፈረንጅ የሚበላው በሹካ ነው፤ ሹካውም ሳህኑም የራሱ ብቻ ነው። ያ ሕግ ሲወጣ ስለ ጉርሻ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደግሞ እሑድ ነው፤ አስቀድሰን ነው የምንመጣው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳይገባ ስንከለክል ያደግን ሰዎች ከቅዳሴ ወጥተን ከውሻ ጎን ብሉ ስንባል ቢከብደን አትፍረዱብን።

ጡረተኛው፣ ዲሲ፦

እማማ፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎት። ከነናዊቷ ሴት ጌታችንን ስትለምነው ውሾችም እኮ ከጌቶቻቸው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ ይበላሉ አለች፤ እምነቷም ተመሰገነላት። ውሻው እንግዲህ ከማዕዱ ሥር ነበረ ማለት ነው። ጦብያም ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎታል፤ መጽሐፈ ጦቢት ላይ አለ።

ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ልጆቼ ቴክሳስ ናቸው። አንበሶ የሚባል ሽማግሌ ውሻ አለኝ። ጠዋት የሚያስነሣኝ እሱ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ያስተዋወቀኝም እሱ ነው። አንበሶ የማይገባበት ቤት እኔም አልገባም፤ ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል የአገሬን ምግብ ተቀምጬ የበላሁት በጣት በሚቆጠር ቀን ነው። የበረንዳ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ብትሰጡኝ ማንን እጎዳለሁ?

እማማ፣ ሃያትስቪል፦

ነፍሷን ይማርልን። ግን ከነናዊቷ ከማዕድ ሥር ነው ያለችው፤ ከአጠገብ አላለችም።

አስተናጋጅ ነኝ፣ ዲሲ፦

ሁላችሁም ስለ ውሻውና ስለ ተመጋቢው ታወራላችሁ፤ ትሪ ተሸክሞ በመካከል የሚያልፈውን ሰው ግን አላነሣችሁትም። ባለፈው ክረምት ሁለት ትሪ ይዤ በውሻ ገመድ ተጠልፌ ወድቄያለሁ። የፈላ ሽሮ ነበር። ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ።

የፌዴራሉ የምግብ አያያዝ ደንብ፣ ክልሎች እንደ ሞዴል የሚወስዱት ማለቴ ነው፣ በ2022 እትሙ ውጭ ባለ መቀመጫ ውሻ መፍቀድ እንደሚቻል ጽፏል። ያው ደንብ ግን ምግብ የሚነካ ሠራተኛ እንስሳ መንካት የለበትም ይላል። ደንበኛው «ውሃ ስጪልኝ፣ እስቲ ዳብሺያት፣ አትናከስም» ይለኛል። እንቢ ስል ቅር ይለዋል፤ ቲፑም አብሮ ይሄዳል። ሰው የሚበላበትን ሳህን ለውሻው መሬት ላይ የሚያኖርም አለ።

ሰርቪስ ዶግ ሌላ ነገር ነው፣ እንዳታምታቱት። ማየት ለተሳነው ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የሠለጠነ ውሻ እውስጥ ድረስ የመግባት መብት አለው። እኛ የምንጠይቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግህ ነው ወይ፣ ምን ሥራ እንዲሠራ ሠልጥኗል። ወረቀት አምጣ ማለት አይፈቀድልንም። ይህንን የሚያውቁ ሰዎች ከኢንተርኔት ሰደርያ ገዝተው የቤት ውሻቸውን ያለብሱና ይገባሉ። በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ በዚያ ምክንያት በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። ይህ ያሳዝነኛል።

ሹፌር፣ አሌክሳንድሪያ፦

እህታችን ያለችው ልክ ነው። እኛ ሹፌሮችም ሰርቪስ ዶግ ያለውን ሰው አልጭንም ማለት አንችልም፤ አለርጂም ፍርሃትም ምክንያት አይሆንም። መጀመሪያ እፈራ ነበር። አንድ ዓይነ ስውር ተሳፋሪ ጫንኩ፤ ውሻው እግሩ ሥር ገብቶ ተጠቅልሎ እስከ መጨረሻው ድምፁን አላሰማም። ሙስሊም ነኝ፤ የሻፊዒን የሃይማኖት ሕግ በሚከተሉ ሙስሊሞች ዘንድ የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፣ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱም በአፈር። የማሊኪን ሕግ የሚከተሉት ደግሞ ሌላ አስተያየት አላቸው። ለሥራዬ መኪናዬን አጥባለሁ፣ ምንም አይደለም። ቤተሰቤን ይዤ ለመብላት ስወጣ ግን ውሻ የሌለበትን ቦታ መርጬ ብሄድ ሰው እንዲከፋብኝ አልፈልግም። ምግብ ቤቱም በሩ ላይ በአማርኛም ቢጽፈው አስቀድመን እናውቃለን።

ጉለሌ ያደገ፦

አጭር ነገር ልናገር። ስምንት ዓመቴ ሳለ ሰፈር ውስጥ የሚዞር ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ወላጆቼ ፓስተር ወሰዱኝ፤ ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነበር፤ በየቀኑ እየተመላለስኩ ተወጋሁ። በሕይወት አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ነው። የቡቺ ክትባት የተሟላ መሆኑን አእምሮዬ ያውቃል። እግሬ ግን አያውቅም። ውሻ ጠረጴዛ ሥር ሲንቀሳቀስ ባቴ ይቀዘቅዛል። «አትናከስም» የሚለው ቃል ለእኔ አይሠራም።

የእንስሳት ሐኪም ረዳት፣ ቨርጂኒያ፦

የእናትን ተነጋገርን፣ የአስተናጋጇን ተነጋገርን፤ ቡቺን የጠየቃት ግን የለም። እኔ በየቀኑ የማያቸው ውሾች አብዛኞቹ የተራቡና የተደበደቡ አይደሉም፤ በፍቅር ብዛት የታመሙ ናቸው። ስለዚህ በእሷ በኩል ቆሜ ልናገር።

ቁመታችሁን እስከ ጉልበት ዝቅ አድርጉና በረንዳውን ከዚያ እዩት። የሚታያችሁ የወንበር እግርና ጫማ ነው። ወንበሩ ሲጎተት ድምፁ እኛ ከምንሰማው ይልቅ ይበረታባታል፤ ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ይሰማል። ከላይ የጥብስ ሽታ ይመጣል፣ አይሰጧትም። ማዶ የማታውቀው ውሻ አፍጥጦባታል። ሕፃን ከኋላ መጥቶ ጅራቷን ይይዛል። መሄድ አትችልም፣ ገመዷ ከጠረጴዛው ታስሯል። ባለቤቷ «እንዴት ጨዋ ናት፣ ዝም ብላ ተኝታለች» ይላል። ብዙ ጊዜ ያ ዝምታ ፍርሃት ነው።

እንዴት ታውቃለህ? እንቅልፍ ሳይመጣባት ደጋግማ ታዛጋለች። የምትበላው ሳይኖር ከንፈሯን ትልሳለች። ፊቷን አዙራ በዓይኗ ጥግ ስታይ የዓይኗ ነጭ ይወጣል። ጅራቷን እግሮቿ መካከል ትወሽቃለች። ሳይሞቅ ታለከልካለች። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ካየህ ሒሳብ ክፈልና ተነሥ፤ ያዘዝከውን በዕቃ ያስሩልሃል።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። አየሩ 25 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ ያለ አስፋልት ከ50 ሊያልፍ ይችላል። የእጅህን ጀርባ መሬቱ ላይ ለሰባት ሰኮንድ አኑረው፤ ካልቻልክ መዳፏም አይችልም። ውሻ እንደኛ በላብ አይበርድም፤ የሚያበርደው ማለክለክ ነው። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ፣ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት፣ በዚያም ይቸገራሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የምፈራው የእኛን ቸርነት ነው። ሐበሻ እንግዳ ሳያጎርስ አይለቅም፤ ውሻዋንም ያጎርሳታል። ወጣችን ቁሌት ነው፤ ቁሌት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ይብሳል። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ ከጉርሻው ጋር አያገናኘውም። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰበርና አንጀት ይወጋል። ቅቤ የበዛበት ክትፎ ቆሽቷን ያቆስላል። ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል። በፋሲካ ሳምንት ክሊኒካችን የሚመጡት ስንት እንደሆኑ ብታዩ! «አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋታል» እያሉ ነው ይዘዋቸው የሚመጡት።

ስለዚህ በረንዳው ላይ ውሻ ይከልከል አልልም። ጋሼ እንዳሉት ጥግ ላይ ያለች፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ አስተናጋጅ የማያልፍባት ጠረጴዛ ጥሩ ናት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ለእማማም ለቡቺም መጥፎ ሰዓት ነው። ምክንያታቸው ይለያያል እንጂ ሁለቱም ከዚያ መሄድ ይፈልጋሉ።

የቡቺ አሳዳጊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ስለ ሽንኩርቱ አላውቅም ነበር። ፍርፍር አቅምሻታለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም። ደንግጫለሁ። ሌላ ልጠይቅህ፦ ለገና አዲስ አበባ ይዣት ልሄድ አስቤ ነበር። እናቴ በቪዲዮ ብቻ ነው የምታውቃት።

የእንስሳት ሐኪም ረዳት፣ ቨርጂኒያ፦

ነገ ደውልና የደም ምርመራ ቀጠሮ ያዝላት፣ ልብህ ይረፍ።

ጉዞውን በተመለከተ፣ መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው የሚከብደው። ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደንቡን ቀይሯል። ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ሁሉ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ቅጽም ይሞላለታል። ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ እዚህ አሜሪካ መከተቧን የሚያረጋግጠው ቅጽ ከመሄድህ በፊት ፈቃድ ባለው ሐኪም ተሞልቶ በዩኤስዲኤ (በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት) መጽደቅ አለበት። ያንን ሳትይዝ ከሄድክ ስትመለስ መከራ ነው።

ወረቀቱ ቢሟላም እሷን አስባት። ከደለስ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ሳጥን ውስጥ፣ ከሻንጣ ጋር፣ ጨለማ ውስጥ። ማስተኛ መድኃኒት ስጡልኝ የሚሉ አሉ፤ እኛ አንመክርም፣ አየር ላይ አተነፋፈስና የደም ግፊት ያዛባል። ሰፈር ውስጥ ያልተከተቡ ውሾችም ይጠብቋታል። ሁለት ሳምንት ከሆነ እዚሁ ከምታምነው ሰው ጋር ትቆይ። ለመኖር የምትገባ ከሆነ ያኔ እንነጋገር።

የቡቺ አሳዳጊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

የዛሬ ሳምንት የጻፍኩትን አንብቤ አፈርኩ ማለት አልፈልግም፤ አሁንም ቤተሰቤ ናት። ግን ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያው በረንዳ ወሰድኳትና ስልኬን አስቀምጬ እሷን ብቻ አየሁ። ሰው አልነበረም። ለአሥር ደቂቃ ያህል ደህና ነበረች። ከዚያ ሁለት ጠረጴዛ ተሞላ፤ ማዛጋት ጀመረች። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከንፈሯን ላሰች፤ ከወንበሬ ሥር ገብታ ጀርባዋን ለሰው ሰጠች። ይህን ሁሉ ጊዜ «ተዝናናች» ስል የኖርኩት ይህንን ነው። ተነሥቼ ስላይጎ ክሪክ ወሰድኳት፤ ውሃው ዳር ስትደርስ ጅራቷ ተነሣ። ደሟ ተመርምሯል፣ ደህና ናት። እማማ፣ እሑድ በረንዳው ላይ አያገኙኝም።

እማማ፣ ሃያትስቪል፦

ተባረክ ልጄ። እናትህን ሰላም በልልኝ።

አስተናጋጅ ነኝ፣ ዲሲ፦

ለአለቃዬ ይህን አሳየሁት። ከመንገዱ በኩል ያለችውን የጥግ ጠረጴዛ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ በሐበሻ አቆጣጠር፣ ለውሻ ባለቤቶች እንተዋት ብሏል። ውሃ በወረቀት ሳህን። ገመዱ ከጠረጴዛው ሥር እንጂ መተላለፊያ ላይ አይሁን። እኔን ዳብሺ አትበሉኝ።

ጡረተኛው፣ ዲሲ፦

እኔ ማክሰኞ እመጣለሁ። የቡቺ ጠባይና የአንበሶ ጠባይ አንድ አይደለም፤ አንበሶ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሰው ሲበዛ ነው የሚተኛው። ያም ሆኖ የሐኪሙ ረዳት የነገረንን ምልክት አያለሁ። ካዛጋ እነሣለሁ። ካላዛጋ ግን ቡናዬን እስከ በረካ እጠጣለሁ።