ጥቆማ፦ የኮይልና የቦርድ መሙያ ሬዚን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠሪዎች

ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ወይም የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ተሞልቶ የሚጠነክረውን የመሙያ ሬዚን የቱን እንደምትገዙ ለጠየቃችሁኝ፣ ለብዙዎቻችሁ በተናጠል የመለስኩትን አንድ ላይ ላስቀምጠው። ኮይል ስል የምጣድና የምድጃውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ የትኛውም የመሙያ ሬዚን ከሚችለው በላይ ይግላልና አይሞላም። የማወራው ስለ ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪክ ሲገባበት ብረት የሚስብ ኮይል)፣ ስለ መኪና ማቀጣጠያ ኮይል፣ ስለ ትንንሽ ትራንስፎርመርና ስለ ቦርድ ነው። ገበያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ይጠነክራል?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ዕቃው ስለሚገጥመው ነው፦ ይግላል? ይንቀጠቀጣል? እርጥበት ያገኘዋል? ተመልሶ መከፈት ይኖርበታል?

እኔ ይህን የተማርኩት ከኮምቦልቻ በመጣልኝ አንድ የሶሌኖይድ ኮይል ነው። ጥልቅ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ አስቀምጬ ኢፖክሲ የተባለውን ጠንካራ ሬዚን በአንድ ጊዜ ሞላሁበት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኩባያው በእጅ የማይያዝ ሆነ፤ ጠርዙም ጎበጠ። ሲበርድ ከብረቱ ጥግ ተነሥታ እስከ ዳር የደረሰች ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ቀጭኑ ሽቦ ተርሚናሉ ሥር ተበጥሶ ነበር። ኢፖክሲ ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ብዙ ሆኖ አንድ ቦታ ከተከማቸ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሲበርድ ደግሞ ከመዳቡና ከብረቱ አብልጦ ይኮማተራል። ስለዚህ አንድ ሴንቲሜትር ያህል እየሞላችሁ፣ የታችኛው እስኪበርድ እየጠበቃችሁ ሥሩ። የማዕድን ዱቄት የተቀላቀለበትን ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ ከንጹሑ ያነሰ ይኮማተራል፣ ሙቀትም በደንብ ያስተላልፋል። ኢፖክሲ ዘይትና ነዳጅ ለሚነካው፣ ከፍተኛ ጥንካሬ ለሚፈልግና ዳግመኛ ለማይከፈት ዕቃ ተስማሚ ነው። ለጠረጴዛ ማስዋቢያ የሚሸጠውን መስታወት መሳይ ኢፖክሲ ግን አትግዙ። ብዙው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ሥራ ላይ ያለ ትራንስፎርመር ደግሞ ከዚያ አልፎ ይግላል።

ለአብዛኛው ሥራችን የምመርጠው ፖሊዩሪቴን የተባለውን ሬዚን ነው። ከጠነከረ በኋላ እንደ ጎማ ስለሚሆን ቀጭን ሽቦና ፌራይት (ተሰባሪ የኮይል እምብርት) አይጎትትም፤ በቢላ ተቆርጦም ይከፈታል። እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ የሚችል ዓይነት ይገኛል። ጠላቱ እርጥበት ነው። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ጣሳውን ከፍታችሁ ከተዋችሁት ከሬዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ የአየሩን እርጥበት ይስባል፣ ሬዚኑም እንደ ሊጥ አረፋ ያወጣል። ኮይሉን በ80 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አድርቃችሁ፣ ለብ እንዳለ ሙሉበት። ማጠንከሪያው ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው በርና መስኮት ክፈቱ፤ አስም ያለበት ሰው አጠገቡ አይቁም።

ሲሊከን እስከ 200 ዲግሪ ይችላል፣ ግን ውድ ነው፣ በደንብም አይጣበቅም። እባካችሁ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን የመስኮት ሲሊከን ቦርድ ላይ አታድርጉ፤ አሲዱ መዳብ ይበላል። እንዲህ የተሠራ ቦርድ ገልጬ የትራንዚስተሩ እግሮች አረንጓዴ ለብሰው አይቻለሁ።

የዲናሞ ጥቅለላ ቤቶችን በተመለከተ፦ የሞተር ጥቅል ቫርኒሽ ከተነከረና በምድጃ ከተጋገረ ይበቃዋል፤ መሙያ ሬዚን አያስፈልገውም። ነገር ግን «የምታደርቁት በምድጃ ነው ወይስ በፀሐይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በፀሐይ የሚያደርቅ ቤት ዋጋው ቢቀንስም ቫርኒሹ ውስጥ ውስጡን እርጥብ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቤት እንዲህ አድርጎ የሰጠኝ የፓምፕ ሞተር ክረምቱን አልዘለቀም።

ከሬዚኑ ውስጥ የአየር አረፋ የሚያወጣ ቫኩም ፓምፕ ለምትገዙ፣ ወይም በአሮጌ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ለምትሠሩ፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ነው። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ 0.75 ባር አካባቢ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 0.8 ይደርሳል። «ፓምፑ ደካማ ነው» ብሎ ደህናውን ዕቃ የመለሰ ሰው አውቃለሁ። ደግሞም የሳሳ አየር ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ያነሰ ስለሆነ፣ ማቀጣጠያ ኮይል ውስጥ የቀረች አረፋ እዚህ ይበልጥ ትጎዳለች።

ሱቆቻችን የሚይዙት ትንንሹ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ለማጣበቅ እንጂ ለመሙላት አይሆንም። መሙያውን ከመርካቶ ስታስመጡ የማብቂያ ቀኑንና የቅልቅል መጠኑን በፎቶ አስልኩ፤ መጠኑ በክብደት ይሁን በይዘት አረጋግጡ። በክብደት የተጻፈውን በሲሪንጅ ሰፍሮ የቀላቀለ ሰው ሳምንት ቢጠብቅም ከሚጣበቅ ለስላሳ ነገር ሌላ አያገኝም። የወርቅ ሚዛን የሚያህል ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን መግዛት ከሁሉ ይቀድማል። ደግሞ በደሴ ብርድ ሬዚኑ ስለሚወፍር ጣሳውን እንደታሸገ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ቶሎ ይጠነክርባችኋልና ጥቂት ጥቂት ቀላቅሉ።

ከኮምቦልቻ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ ላሳየሽኝ እህቴ፦ በፖሊዩሪቴን ሙዪው። ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ክፍት ዓይነት ስለሆነ ግን መጀመሪያ በታሸገ ቀይሪው፤ ሬዚን ከገባበት ምላሱ አይንቀሳቀስም። ማስተካከያ ብሎኗንም ከፍ ባለ ቱቦ ከልያት። ከመሙላትሽ በፊት ቦርዱን ሁለት ቀን ሙሉ አሠሪው፤ ስህተት ካለ ያን ጊዜ በሶልደር ይስተካከላል።