ልጄ ካሬውን ሳዞረው «አሁንማ ካሬ አይደለም» አለኝ

የአምስት ዓመቱ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ክብ፣ ካሬ፣ ጎነ ሦስት ምናምን ስማቸውን እየጠራ ያሳያል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን ከካርቶን የቆረጥኩለትን ካሬ በጫፉ አቁሜ «ይሄስ?» ስለው «አሁንማ ካሬ አይደለም» አለኝ። መልሼ ሳስተካክለው «አሁን ካሬ ሆነ»። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ሌላው ደግሞ የሸሚዝ ቁልፎች ሰጥቼው ለያቸው ስለው በቀለም ይጀምርና መሀል ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ ሲያገኝ ቀለሙን ረስቶ ትልልቆቹን መሰብሰብ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ ዝብርቅርቅ ነው። የመልመጃ ወረቀት እያተምኩ ላሠራው ወይስ ገና ነው፣ ልተወው?

ሕፃናት አስተምራለሁ፦
እህቴ አትጨነቂ፣ እኔ ክፍል እንደሱ የሚሉ ሞልተዋል። በዚህ ዕድሜ ልጅ ቅርፅን የሚለየው የሰው ፊት እንደሚለየው ነው፣ ጠቅላላ መልኩን አይቶ እንጂ ጎንና ማዕዘን ቆጥሮ አይደለም። ፒየር ቫን ሂሌና ባለቤቱ ዲና የሚባሉ የኔዘርላንድ መምህራን በ1957 እ.ኤ.አ. ይህን በደረጃ ከፋፍለው አስቀምጠውታል። ልጁ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው ብለው ዝም አላሉም ደግሞ፤ ቀጣዩ ደረጃ ዕድሜ ስለጨመረ ብቻ አይመጣም፣ ልጁ ቅርፁን ሲነካካና ሲያወራበት ነው የሚመጣው።

በብዛት ጥፋቱ የኛ ነው። ፖስተር ላይ ያለው ጎነ ሦስት ሁሌ ጫፉ ወደ ላይ፣ ሦስቱም ጎኑ እኩል። ልጁ ታዲያ ምን ያድርግ? ቀጭንና ረጅም የሆነ፣ የተገለበጠ፣ ያጋደለ አሳዪው። አስመሳዮችንም ጨምሪበት፣ አንድ ጎኑ የጎበጠ፣ ጫፉ ያልገጠመ፣ ከዛ «ይሄ ለምን አይሆንም?» በዪው። እኔ በጣም የምወደው ግን ከረጢት ነው። ቅርፆቹን ከረጢት ውስጥ ትከቺና ሳያይ በእጁ ይዳስሳል፣ አንድ ሹል፣ ሁለት ሹል እያለ ማዕዘን ይቆጥራል። ከረጢት ውስጥ ላይና ታች የለም፣ ካሬው ዞረ አልዞረ ማን አየው።

ቁጥር ወዳድ፦
ስለ መለየቱ ልጨምር። አንዱ ቁልፍ ቀይም ትልቅም ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ በሐሳብ መያዝ ይከብደዋል። መጀመሪያ መጠናቸው አንድ የሆነ፣ ቀለማቸው ብቻ የሚለያይ ስጪው። ቀጥሎ ሁለት ሳህን፣ አንዱ «ቀይ» ሌላው «ቀይ ያልሆነ»። ይቺ «ያልሆነ» ቀላል ትመስላለች እንጂ ልጅን ታስቸግራለች።

ሲለምድ ከክር ሁለት ቀለበት ሥሪና መሬት ላይ አስቀምጪ፣ አንዱ የቀይ፣ አንዱ የትልቅ። ቀይ ሆኖ ትልቅ የሆነው የት ይግባ? የኔዋ ቁልፉን ይዛ ወዲህ ወዲያ ስትል ቆየችና አንዱን ክር ጎትታ ሌላው ላይ ደረበችው፣ እኔ ምንም አላልኩም። ቬን ዲያግራም የሚባለውን፣ የሁለቱም የሆነው ክቦቹ የተደራረቡበት መሀል ላይ የሚገባበትን ሥዕል፣ ራሷ ሠራችው ማለት ነው። ሎጂክ ብሎክ የሚባለውን መጫወቻ ካገኘሽም ጥሩ ነው፣ በ5 ቅርፅ፣ በ3 ቀለም፣ በ2 መጠንና በ2 ውፍረት የሚመጣ 60 ቁራጭ ያለው አለ። ከካርቶን ከቆረጥሽው ውፍረቱን ተዪው፣ 30ው ይበቃል።

አባት ነኝ፦
ከለየ በኋላ ቶሎ አትሰብስቢበት! በሰልፍ ይደርድራቸው፣ ያ ግራፍ ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ 4 ትልልቅ ቁልፎች ከ6 ትንንሾች ሊረዝሙ ይችላሉ፣ ልጁም «ትልልቆቹ ይበዛሉ» ይልሻል። ወረቀት ላይ እኩል ሣጥኖች አሥምሪና አንድ ሣጥን ለአንድ ቁልፍ ይሁን። ከዛ «የቱ ይበዛል» ብቻ ሳይሆን «በስንት ይበልጣል» በዪው፣ ጨዋታው እዛ ላይ ነው። የመልመጃ ወረቀት መጥፎ ነው አልልም፣ ግን በእጁ ከሠራው በኋላ ይምጣ።

የአምስት ዓመቱ እናት፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ከረጢቷን ዛሬ ሞከርናት። ካሬውን በእጁ ዳሶ አራት ሹል ቆጠረና «ካሬ!» ብሎ አወጣው። በጫፉ አቁሜ መልሼ ጠየቅኩት። አንገቱን ጠምዝዞ ትንሽ አየውና «ካሬ ነው፣ ግን ሊወድቅ ነው» አለኝ። ቁልፎቹ ግን አሁንም ዝብርቅርቅ ናቸው፣ ነገ በሁለቱ ሳህን እጀምራለሁ።