የ2 ሰከንዱ ፍጥነት ይጨምራል፣ የ500 ሜትሩ ግን አልነቃነቅ አለኝ

ነፋስ ስልክ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ማንችስተር ነው። ነፋስ ሲኖር ዌስት ከርቢ ባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ዊንድሰርፍ (ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ መሄድ) እወጣለሁ። ከመስከረም ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ፍጥነት ላይ ነው።

ችግሬ ይሄ ነው። ጂፒኤሱ የ2 ሰከንድ ከፍተኛ ፍጥነቴን 34 ኖት ያሳየኛል፤ በመኪና ቋንቋ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የ500 ሜትር አማካዩ ግን 27 ላይ ተቸክሏል። ነፋሱ 28ም ይሁን 32 ኖት ለውጥ የለውም። ቦርዴ 110 ሊትር የስላሎም (የውድድር) ቦርድ ነው፣ ሸራዬ 7.0 ካሬ ሜትር፣ ፊኑ (ከቦርዱ ሥር ያለው ክንፍ) 38 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 66 ኪሎ። 7.8 ሸራ በጥሩ ዋጋ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ልግዛው?

ሌላው ጥያቄዬ፦ ዊንድሰርፈሩ አንትዋን አልቦ ናሚቢያ ላይ 53.27 ኖት ሄዶ ሪከርድ ሰበረ ይባላል። ቢዮርን ዱንከርቤክ ደግሞ እዚያው በሰዓት ከ103 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል ይላሉ፤ ይሄ ወደ 56 ኖት ይጠጋል። ታዲያ ፈጣኑ የትኛው ነው?

ከሐይፋ

ሸራውን አትግዛ። በ30 ኖት ነፋስ ለ66 ኪሎ ሰው 7.0 ራሱ ብዙ ነው። እኔ 74 ኪሎ ነኝ፤ በእንደዚህ ዓይነት ቀን 5.6 ነው የምወጥረው። የቀረውን የሐዋሳው ይንገርህ፣ የፍጥነት ሳምንት የሚካሄድበት የእንግሊዙ ፖርትላንድ ወደብ አጠገብ ስለሚኖር ይሄ ነገር የዕለት ኑሮው ነው።

የሐዋሳው

ወንድሜ ነፋስ ስልክ፣ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፣ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። አልቦ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ናሚቢያ ውስጥ ሉደሪትዝ ላይ ያስመዘገበው 53.27 የ500 ሜትር አማካይ ነው። ወደ 98.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል፤ 500 ሜትሩን በ18 ሰከንድ አካባቢ ጨረሰ ማለት ነው። ዱንከርቤክ በ2021 የያዘው ከ103 በላይ የሚባለው ደግሞ በሩጫው ውስጥ ለቅጽበት የተነካ ጫፍ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ አላሳንሰውም። የዓለም የመርከብ ፍጥነት ሪከርድ ምክር ቤት የሚያጸድቀው ግን አማካዩን ነው። ለእኔም የሰውን ፍጥነት የሚነግረኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ አንተ። በ34 ኖት በ2 ሰከንድ ውስጥ የምትሄደው 35 ሜትር ነው። ስለዚህ አንተ 34 የሄድከው 35 ሜትር ውሃ ላይ ነው። በ27 ኖት 500 ሜትሩን የምትጨርሰው በ36 ሰከንድ ነው። አንድ ጥሩ የነፋስ ግፊት መጥቶ ለ2 ሰከንድ ይወስድሃል፤ በቀሩት 34 ሰከንዶች ምን እንደምትሠራ ነው ማየት ያለብህ። ጫፉን ነፋስ ይሰጥሃል። አማካዩን ግን ራስህ ትሠራዋለህ፣ የምትሠራውም በውሃ ምርጫና በአቅጣጫ ነው። ትልቅ ሸራ እዚህ ውስጥ ምንም አይጨምርልህም።

የሪከርዱን ታሪክ ተመልከት። ፓስካል ማካ በ1986 ፉዌርቴቬንቱራ፣ ሶታቬንቶ የባሕር ዳርቻ ላይ 38.86 ሄደ። ያኔ በማንኛውም ሸራ ከሚሄድ ነገር ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። ከዚያ ፈረንሳይ ውስጥ ሴንት ማሪ ደ ላ ሜር የሚባል ቦታ ከባሕሩ ጎን ቦይ ተቆፈረ። ቲየሪ ቢየላክ በ1993 እዚያ ቦይ ላይ 45.34 አደረሰው። ፊኒያን ሜይናርድ በ2004 46.82፣ በ2005 48.70። አልቦ በ2008 49.09። ቀጥሎ ሉደሪትዝ ሌላ ቦይ መጣ፤ አልቦ በ2012 52.05፣ በ2015 ደግሞ ያልኩህን 53.27 ሄደ። በእነዚህ ዓመታት ሸራም ቦርድም ተሻሽሏል፣ አልክድም። ግን ከ1993 ወዲህ የጠቀስኩልህ ቁጥር በሙሉ የተመዘገበው ሰው በቆፈረው ቦይ ውስጥ መሆኑን ልብ በል። ነፋስማ ክፍት ባሕር ላይም ሞልቷል። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ለጥ ያለ ውሃ ለማግኘት ነው።

ሉደሪትዝ ለምን? ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ጅረት ከጋለው የናሚብ በረሃ ጋር የሚገናኝበት ጠረፍ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ በዚያ ወቅት 40 እና 50 ኖት ይደርሳል። ቦዩ ጠባብ ነው፣ የተቆፈረውም ነፋሱ ከጎንና ከኋላ መካከል አግድም እንዲመጣ ታስቦ ነው። ነፋሱ የሚገባበት ዳር ከተሯሯጩ ጥቂት ሜትር ብቻ ይርቃል፤ በዚያች ርቀት ላይ ሞገድ ለመነሣት ጊዜ የለውም። ይኸው ነው ምሥጢሩ።

አንተ ደግሞ ዌስት ከርቢ ነህ! ብዙ ሰው የሌለው ነገር እጅህ ላይ አለ። የሐይቁ ውጫዊ ግድግዳ ለአንተ የቦዩ ዳር ነው። ነፋሱ ከዲ ወንዝ አፍ በኩል ግድግዳውን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ግድግዳው ሥር ያለችውን ውሃ ጎንበስ ብለህ እያት። ከግድግዳው ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ውሃው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሣም፤ የምታየው ጥቃቅን መስመር ብቻ ነው። አሥር ሜትር ስትርቅ ጣት የምታክል ሞገድ ትጀምራለች። ሠላሳ ሜትር ላይ ቦርዱ እግርህ ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ ታ-ታ-ታ ይላል። ቦርዱ ያን ድምፅ ባሰማ ቁጥር ፍጥነት እየከፈልክ ነው። የጂፒኤስህን መስመር በካርታ ላይ ክፈተው። ገምቼ ልንገርህ፦ ስትጀምር ግድግዳው አጠገብ ነህ፣ ከ150 ሜትር በኋላ እየራቅህ ትሄዳለህ፣ 34 የታየህም ከመራቅህ በፊት ነው።

ለምን ትርቃለህ? ሸራው ስለሚበዛብህ ነው። 7.0 ሲጎትትህ የኋላ እጅህ ሳታዝዘው ይከፈታል፣ ቦርዱን ለማረጋጋት ወደ ነፋሱ መሄጃ ትሸሻለህ፣ በሸሸህ ቁጥር ሸካራ ውሃ ውስጥ ትገባለህ። 38 ፊን ደግሞ በዚያ ፍጥነት ቦርዱን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ አንተም በእግርህ ስትታገለው ትውላለህ። ሸራውን ወደ 5.6 አውርድ፣ ፊኑን 28 ወይም 26 አድርግ። ሸራውን ወደ ታች የሚወጥረውን ገመድ ደፍረህ ሳበው፤ የላይኛው ክፍል በነፋስ ግፊት እንዲከፈት እስኪላላ ድረስ። ትንሿ ሸራ መጀመሪያ ላይ ደካማ ትመስልሃለች። አትሸወድ፣ ከፈጠንክ በኋላ ነፋሱን ራስህ ታመጣዋለህ፣ ሸራው ላይ የሚደርሰው ከፊት እየመጣ ይጠነክራል።

አቅጣጫን በተመለከተ፣ ትልቁ ፍጥነት የሚገኘው ነፋሱ ከሚመጣበት ከ120 እስከ 135 ዲግሪ ስትሄድ ነው። በትክክል በጎን ይዘህ ከሄድክ ብዙ ጉልበት ወደ ጎን ይባክናል። ግድግዳው አይዞርልህም፣ የሚዞረው ነፋሱ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን መምረጥ አለብህ። የአየር ትንበያ ስታይ የነፋሱን ጉልበት ብቻ አትመልከት። ነፋሱ ግድግዳውን ከኋላህ በኩል አግድም የሚቆርጥበት 26 ኖት፣ ቀጥ ብሎ ከሚመታው 33 ኖት ይሻልሃል። የባሕሩን ሙላትም እይ። ከፍተኛው ሙላት ሲመጣ ውሃው ግድግዳውን አልፎ ይገባል፣ ያኔ ለጥ ያለ ነገር የለም። ባሕሩ ሸሽቶ ከግድግዳው ውጭ አሸዋ ሲታይ ነው የአንተ ሰዓት።

የ500 ሜትሩ መለኪያ የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም፣ ይህንንም አትርሳ። የነፋሱን ግፊት ውሃው ላይ ሲጠቁር ታየዋለህ፤ ጠብቀው፣ ቀድመህ ፍጠን፣ ከዚያ ግባ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልብህ ደስ እንዲለው። በ1972 እዚህ ፖርትላንድ ወደብ የመጀመሪያው የፍጥነት ሳምንት ሲካሄድ ክሮስቦው የተባለችው ጀልባ ያሸነፈችው በ26.30 ኖት ነው። በዓለም የጸደቀው የመጀመሪያው ሪከርድ እሱ ነው። አንተ የተናደድክበት 27 ያኔ ዓለምን ይመራ ነበር።

ነፋስ ስልክ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መስመሩን ከፈትኩት፤ በትክክል እንዳልከው ነው፣ ከግድግዳው እየራቅሁ እስከ 40 ሜትር እደርሳለሁ። 7.8ቱን ትቼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። አልቦ ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል ይባላል። ትልልቆቹ ሁሉ ግዙፍ ናቸው። እኔ በ66 ኪሎ ተስፋ አለኝ? የክብደት ጃኬት የሚለብሱ አይቻለሁ፣ ልልበስ?

የባሕር ዳሯ

ይሄ ጥያቄ የእኔም ስለሆነ ልግባበት። ኔዘርላንድ ነው የምሠራው፣ 58 ኪሎ ነኝ።

ክብደት ይረዳል፣ መደበቅ አያስፈልግም። ከባድ ሰው በዚያው ነፋስ ትልቅ ሸራ ይይዛል፣ ሸራውን ተጋድሞበት ይቋቋማል። ግን እንግሊዛዊቷ ዛራ ዴቪስ በ2012 ሉደሪትዝ ላይ 45.83 ኖት ሄዳለች፤ በ500 ሜትር። ይሄ ቢየላክ በ1993 ከያዘው የወንዶች ሪከርድ ይበልጣል። ግዙፍ ወንድ ካልሆነ አይፈጥንም የሚለውን ወሬ ስሰማ የምጠቅሰው እሷን ነው። 66 ኪሎ ሆነህ 27 ላይ የቆምከው በክብደት አይደለም፣ ከላይ በተነገረህ ምክንያት ነው።

ጃኬቱን አሁን አትልበስ። የክብደት ጃኬት የሚጠቅመው በትክክለኛ ሸራና ፊን እየሄደ፣ ግን ሸራው ማንሣት ሲጀምር መያዝ ላቃተው ሰው ነው። አንተ ገና ሸራ ልታወርድ ነው። ደግሞም በ30 ኖት ስትወድቅ ውሃው ይመታሃል፣ ያን ሁሉ ክብደት ይዘህ መነሣት ቀላል አይደለም። ያ ሐይቅ ጥልቀት የለውም፣ ትቆማለህ፤ ነገ ሌላ ቦታ ስትሄድ ግን ልማዱ አብሮህ ይሄዳል። መጀመሪያ የራስ ቁርና ተንሳፋፊ ጃኬት። የራስ ቁር ስል ምርጫ አይደለም፤ በጎንህ የድንጋይ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትሮጠው።

ስለ ጂፒኤሱም፦ ሰዓቱን እጅህ ላይ ካሠርከው ስትወድቅ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሳተላይቱ ይጠፋበታል፣ ሲወጣ ያልሄድከውን ቁጥር ሊጽፍልህ ይችላል። የላይኛው ክንድህ ላይ ወይም የራስ ቁሩ ላይ አድርገው። ፍጥነቱን ከቦታ ለውጥ ሳይሆን ከዶፕለር (ከሳተላይቱ የሬዲዮ ሞገድ ለውጥ) የሚያሰላ መሣሪያ ቢሆን ይመረጣል። 34ቱ ራሱ ከመውደቅህ ጋር የተገጣጠመ እንዳይሆን አጣራው።

ከሐይፋ

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ፖል ላርሰን ሴይልሮኬት 2 በተባለችው ጀልባ በ2012 ዋልቪስ ቤይ ላይ 65.45 ኖት ሄዷል። ያም ናሚቢያ ነው። ዊንድሰርፍ ለምን እዚያ አይደርስም?

የሐዋሳው

ከሐይፋ፣ ዋናው ግድግዳ ፊኑ ነው። 50 ኖት አካባቢ ስትደርስ በፊኑ አንድ ጎን ያለው ግፊት በጣም ስለሚወርድ ውሃው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ፊኑ የሚይዘው ውሃ ያጣል። ላርሰን ያሸነፈው አረፋውን ከመሸሽ ይልቅ በአረፋ ውስጥ እንዲሠራ ተደርጎ የተቀረጸ ክንፍ ይዞ ነው። ሸራውንም ያዘመመው ጀልባውን እንዳይገለብጥ ሚዛኑ ተሰልቶ ነው። ዊንድሰርፍ ላይ ያን ሚዛን የሚሠራው የሰው ገላ ነው፣ ለዚህም ነው እኔ 53.27ን ከ65.45 አሳንሼ የማላየው።

ነፋስ ስልክ፣ እህታችን ያለችው ሁሉ ትክክል ነው፣ በተለይ የራስ ቁሩ። ግድግዳውን ስትጠጋ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሁን፤ መጀመሪያ አሥር ሜትር፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አምስት። ነፋሱ ከግድግዳው ወደ ሐይቁ ስለሚገፋ ብትወድቅም የሚወስድህ ወደ ውስጥ ነው። ነፋሱ በተቃራኒው፣ ከከተማው በኩል ወደ ግድግዳው ከሆነ ግን በዚያ ቀን ግድግዳው አጠገብ ምንም አትሥራ።

ፊኑን በተመለከተ፣ ቤቴ የተቀመጠ 28 ሳንቲ ሜትር አለኝ፣ ልልክልህ እችላለሁ። የቦርድህ የፊን ሳጥን ታትል ነው ወይስ ፓወር ቦክስ? ከሥር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የእኔ ታትል ነው፣ ካልገጠመ ለአንተ የሚሆን ሌላ እፈልጋለሁ።