ወርቁ ይወጣል፣ ብሩ ግን እምቢ አለ፤ ምን ልፈትሽ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተፈጨ ድንጋይ ከሳያናይድ (ወርቅና ብር ከሚያሟሟው መርዛማ ኬሚካል) ጋር ጠርሙስ ውስጥ 48 ሰዓት እያንከባለልኩ እየሞከርኩ ነው። 80 ከመቶው ከ75 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) በታች ነው፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲድ ይበዛል) 10.5፣ ሳያናይድ በሊትር ግማሽ ግራም። ወርቁ 84 ከመቶ ወጣ፣ ብሩ ከ35 አላለፈም። ሳያናይዱም ቶሎ ያልቅብኛል። ይበልጥ ልፍጨው? በሳያናይድ ፈንታ ቲዮሰልፌት የሚባለውን ኬሚካል ሞክር የሚሉኝም አሉ።

መልስ 1፦
መፍጨቱን ለጊዜው ተወው። ብር ብዙ ጊዜ ከሰልፈር ጋር ተጣምሮ ስለሚገኝ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው፤ ጠንከር ያለ ሳያናይድም ይፈልጋል። በሊትር 2 ግራም አድርገህ እስከ 72 ሰዓት አቆየው፣ በየመሃሉም ፈሳሹን እየቀዳህ አስለካ። መጨረሻ ላይም እየጨመረ ከሆነ የጎደለው ጊዜ ነው። ቀድሞ ከቆመ ግን ብሩ ሌላ ማዕድን ውስጥ ተቆልፏል፤ ያኔ መፍጨቱን አስብበት።

መልስ 2፦
ኧረ ሳያናይዱን ማን እንደሚበላው ሳታውቅ አትጨምር! መጀመሪያ መዳቡን አስለካ። ከመዳብ ማዕድናት ማላካይትና ቻልኮሳይት በሳያናይድ በቀላሉ ይሟሟሉ፣ ሳያናይዱንም ይበሉታል፤ ቻልኮፓይራይት የሚባለው ግን ብዙም አይነካም። ፒሮታይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ካለ ደግሞ ኦክስጅኑንም ይጨርሰዋል፤ ያለ ኦክስጅን ወርቁም አይሟሟም። መድኃኒቱ ሳያናይድ ከመግባቱ በፊት በኖራ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አየር መንፋት ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ድንጋዩ ስንጥቁ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለው። በሰልፈሪክ አሲድ ቀድሜ ባጥበውስ?

መልስ 2፦
ማላካይት ሳይሆን አይቀርም። አሲድ ያወጣዋል፣ የኖራ ድንጋይ ከበዛበት ግን አሲዱ በከንቱ ያልቃል።

መልስ 3፦
አሲድ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። ድንጋዩን ደጋግመህ አጥበህ፣ በኖራ ፒኤቹን ከ10.5 በላይ አድርሰህ፣ ጥቂት ቆይተህም እንዳልወረደ ሳታረጋግጥ ሳያናይድ አታስጠጋ። ፒኤች 9.2 አካባቢ ሲወርድ ግማሹ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይሆናል፤ ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል። «በጠረኑ እለየዋለሁ» አትበል፣ ጨርሶ የማይሸተው ብዙ ሰው አለ። የጋዝ መለኪያና ጥሩ አየር ማስወጫ ከሌለህ ሥራውን ፈቃድ ላለው ቤተ ሙከራ ስጠው።

መልስ 1፦
ቲዮሰልፌቱን እርሳው። እሱ በዋናነት ድንጋዩ ውስጥ ያለ ካርቦን የሟሟውን ወርቅ መልሶ ሲጠጣ ነው የሚታሰበው፤ አሞኒያና መዳብ ተጨምሮበት ስለሚሠራ መቆጣጠሩም አሰልቺ ነው። 84 ከመቶ ወርቅ ካገኘህ ያንተ ችግር ይህ አይመስለኝም። ይልቅ ብሩ ከወርቁ በብዙ እጥፍ ከበለጠ፣ ወርቁን ከፈሳሹ ለመልቀም የሚገባውን ካርቦን ብሩ ስለሚሞላው ከፈሳሹ የምታወጣው በዚንክ ዱቄት ቢሆን ይሻላል። መጠናቸው ስንት ስንት ነው?