የአላታ የእግር መንገድ ማመልከቻ፦ እስከ እሑድ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ
ማኅበራችን የሚያስገባው የማመልከቻ ረቂቅ ይኸው። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ከትኬት መሸጫው እስከ አላታ ድልድይ፣ ከዚያም ሽቅብ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ለፊት እስከሚታይበት ድረስ መንገድ ጠቋሚ ምልክት፤ ሁለት ቦታ ላይ የጥላ ማረፊያ ከመጠጥ ውኃ ጋር፤ ለእንግዳ የሚሰጥ 40 ምርኩዝ። የድንኳን መግዣው ገንዘብ በተበላበት ዓመት የሆነው እንዳይደገም ያላችሁን አሁን ተናገሩ። ከገባ በኋላ የሚነሣ ጩኸት አልቀበልም።

አሜሪካ ያለው አባል
ሐሳቡን ያነሣሁት እኔ ነኝና ምክንያቴን ልናገር። ዩታ በረሃ ውስጥ ደሊኬት አርች ወደሚባለው የድንጋይ ቅስት በእግሬ ሄጄ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 4.8 ኪሎ ሜትር ነው። ቅስቱን ሰው አልሠራውም፤ አሸዋማው ድንጋይ በውኃና በበረዶ እየተበላ 14 ሜትር ያህል የሚቆም በር ሆኗል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አብዛኛው ራቁት አለት ስለሆነ ዱካ አይዝም። ሰው የማይጠፋው በየርቀቱ በተቆለሉ ትንንሽ ድንጋዮች እየተመራ ነው። ጥላ የለም፤ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ ያዙ ይላሉ። የእኛን ቅስት፣ የአላታን ድልድይ፣ ግን የሰው እጅ ነው የሠራው፤ ድንጋይና ኖራ፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ 400 ዓመት ያህል ሰውና ከብት ሲያሻግር የኖረ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ እንግዳው ምን እንደረገጠ ሳያውቅ ተሻግሮት ያልፋል። ምልክቱና ውኃው ይቅደም።

አስጎብኚ፣ ጢስ ዓባይ
በምልክቱ እስማማለሁ። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ይሳሳል። በየካቲት የመጣ እንግዳ የሚጠግበው በድልድዩና በመንገዱ ነው። 40 ምርኩዝ የሚለው ግን ይውጣ። የመንደሩ ልጆች ዱላ እያከራዩ ደብተር ይገዛሉ። ማኅበሩ ገበያቸውን ከዘጋ ነገ በደጃቸው ማን ያሳልፈናል?

ገንዘብ ያዥ
ገበያ የዘጋ የለም። እንግዳ ወድቆ እግሩ ቢሰበር ተጠያቂው ማኅበሩ እንጂ ልጁ አይደለም። ምርኩዙ ይቆይ።

አንጋፋ አባል
ምርኩዝ የሚለው ቃል ራሱ አልተስማማኝም። ምርኩዝ የደካማ መደገፊያ ነው። የጎጃም ሰው እንግዳ ሲሸኝ የሚያስይዘው ሽመል ነው። ማመልከቻው ላይ ሽመል ተብሎ ይጻፍ።

አስጎብኚ እህት
ጋሼ፣ ሽመል ከእንግዳው ቁመት ይበልጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ እግር ውስጥ ይገባል። ባለፈው ጥቅምት ዝናብ እንዳባራ አንዲት ትልቅ ሴት ይዤ ወረድሁ። ከድልድዩ በላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ታውቁታላችሁ፤ የከብት ኮቴ ልጎት እንደ መስታወት ሆኗል። ከልጁ የተከራየችው ዱላ ክትክታ ነበር። ጫፉን በእሳት ለብልቦ አጠንክሮታል፤ መያዣው ላይ ደግሞ እጅ እንዳያሟልጭ ልጡን ትቶለታል። እግሯ ሲከዳት ዱላው ስንጥቁ ውስጥ ተተክሎ አቆማት። ይህን የሚያውቅ ሰው ከተማ ውስጥ የለንም። ይገዛ ካላችሁ ከዚያ ልጅ ይገዛ።

ገንዘብ ያዥ
ከልጅ ላይ ያለ ደረሰኝ አልገዛም። ኦዲተሩ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።

አስጎብኚ፣ ጢስ ዓባይ
ደረሰኝ ደረሰኝ ብለሽ አይደለም ወይ የድንኳኑን ገንዘብ ያስበላሽን?

ገንዘብ ያዥ
ይህን ቃል አንሣ። ካላነሣህ መዝገቡን ነገ አስረክቤ እወጣለሁ። ስድስት ዓመት ያለ አበል ይዤዋለሁ።

የጀልባ ባለቤት
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ረቂቁ እንግዳው በድልድዩ ሄዶ በዚያው ይመለሳል ይላል። ዱሮ ዙሩን ጨርሶ በእኛ ጀልባ ነበር የሚሻገረው። ሙላት ሲሆን እንደሆነ ወትሮም አንሠራም፤ በጋውንም ከወሰዳችሁብን ምን እንበላለን?

ወጣት አባል
ክትክታም ይሁን ወይራ ከጫካ የሚቆረጥ ከሆነ አልፈርምም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ በየሆቴሉ የተናገርነው እኛ ነን። ዛሬ መጥረቢያ ይዘን ልንገባ ነው? ቀርከሃ ይሁን፤ እንጅባራ ሞልቷል። መንገዱን ደግሞ ቅዳሜ ሄጄ እለካለሁ፤ ስንት ምልክት እንደሚያስፈልግ አመጣለሁ።

አንጋፋ አባል
ቀርከሃ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። አንጓው የተቀራረበውን፣ የበሰለውን መርጦ የሚገዛ ሰው ካልተላከ ገንዘቡ ውኃ በላው ማለት ነው። እኔ ልሄድ እችላለሁ።

አስጎብኚ፣ ጢስ ዓባይ
ቃሌን አንሥቻለሁ። ገንዘቡን የበላው ሻጩ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ተናድጄ ነው የጻፍሁት፤ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ገንዘብ ያዥ
ይሁን። ልጆቹ በአንድ ተደራጅተው፣ አዋቂ ተወካይ ፈርሞ ከተቀበለ እከፍላለሁ። ቀርከሃው ይምጣና ጫፍና መያዣውን እነርሱ ይሥሩት፤ በቁጥር ይከፈላቸው።

አስጎብኚ እህት
ይህ ደግ ነው። ነገር ግን የቀርከሃ ጫፍ እንደ ክትክታ በእሳት አይጠነክርም፤ ብረት ቆብ ያስፈልገዋል። የብየዳ ሥራም ይጨመርበት።

ሰብሳቢ
ቅዳሜ አለፈ። መንገዱን የሚለካው አባል የት ነህ? ሁለት ጊዜ ደወልሁ። ያለ ልኬት የምልክቱን ወጪ መጻፍ አንችልም፤ ማመልከቻው ደግሞ ማክሰኞ ይገባል።

ጸሐፊ
እንግዲያው እንዲህ አስተካክያለሁ። ርዕሱ «የወጣቶች የዱላ ሥራና የእግር መንገድ አገልግሎት» ሆኗል። ከእንጅባራ 120 ቀርከሃ፣ የብረት ቆብ፣ የልጆቹ የሥራ ክፍያ፣ የመኪና ኪራይ። በቃሉ ላይ መግባባት ስላልተቻለ «ሽመልና ምርኩዝ» ብዬዋለሁ። የጥላ ማረፊያው ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ምልክቱ ልኬቱ ሲደርስ በተጨማሪ ደብዳቤ ይጠየቃል።

አሜሪካ ያለው አባል
ውኃውስ? ከሦስቱ ሌላው ቢቀር እንኳ ውኃውን አታውጡት። ለቀርከሃ መኪና ከተከራየን ለአንድ የውኃ ማጠራቀሚያ እንዴት ይጠፋል? እጥረት ካለ ግማሹን እኔ እልካለሁ።

ሰብሳቢ
ግማሹ በጽሑፍ ይድረሰንና እናስገባዋለን። ጋሼ፣ የእንጅባራው መኪና ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል። አብሮዎት የሚሄድ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ።

አንጋፋ አባል
ሐሙስ ለቅሶ አለብኝ። ዓርብ ይሁን።

የጀልባ ባለቤት
የእኔ ጥያቄ አልተመለሰም። የመመለሻው መንገድ በየት ነው?