ያው ለ8 ሰዓት ነው የምተኛው፣ ታዲያ ሰኞ ምን ይነካኛል?

የቆጪው ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ተኝቼ ጠዋት 12 ሰዓት እነሳለሁ። ዓርብና ቅዳሜ ግን ኳሱም ጫቱም አለ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ተኝቼ 3 ሰዓት ነው የምነሳው። ቁጠሩት፣ ያው 8 ሰዓት ነው። ግን እሁድ ማታ ጣራ ጣራ ሳይ አመሻለሁ፣ ሰኞ ሱቅ ስከፍት ራሴን ያዞረኛል፣ ቁርስም አይበላልኝ። ባለፈው ሰኞ 100 ብር ለሰጠኝ ሰው የ200 መልስ መለስኩለት። እናቴ ዓይን ነው ትላለች።

ነርሷ፦
ዓይን አይደለም ወንድሜ። ቁጥሩ እኩል ነው፣ ቦታው ነው የተዛወረው። የአዘቦቱ እንቅልፍህ መሃሉ ሌሊት 8 ሰዓት፣ የቅዳሜው 11 ሰዓት ላይ ነው። የ3 ሰዓት ልዩነት ማለት የጅማና የዳካር ነው፤ በየሳምንቱ ያለ ቲኬት ሴኔጋል ደርሰህ ትመለሳለህ። ሰውነት ደግሞ ያለው የውስጥ ሰዓት አንድ ብቻ አይደለም። ዋናው አንጎል ውስጥ ያለ የ20 ሺህ ገደማ ሴሎች ጥርቅም ነው፣ እሱን ብርሃን ያስተካክለዋል። ጉበትና ቆሽት የየራሳቸው አላቸው፣ እነሱ ይበልጥ የሚሰሙት የምግብ ሰዓትን ነው። እሁድ ቁርስህን 5 ሰዓት በልተህ ሰኞ 1 ሰዓት ላይ ፍርፍር ብታቀርብላቸው ገና ነው ይሉሃል። በዚያ ላይ የብዙ ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚያልፍ ማምሸት ይቀለዋል፣ ቀድሞ መተኛት ግን ይከብደዋል። ብታመሽም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስና ፀሐይ ላይ ውጣ፣ የጎደለህን ቀን ትንሽ ጋደም ብለህ ሙላው።

ባለ ባጃጁ፦
ጫቱን ዘለልሽው እህቴ! ከሰዓት የቃመ ሰው ምርቃናው ይዞት እንዴት 4 ሰዓት ይተኛል? እኔ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ነው የምሠራው፣ ሆዴ መቼ መራብ እንዳለበት ራሱ ጠፍቶበታል። ደግሞ ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም የምትሉ ዋሾ ናችሁ።

ነርሷ፦
እውነቱን ነው። ቡና ከጠጣህ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ደምህ ውስጥ ነው። ጫትም ያነቃል፣ ባይቀርልህ እንኳ አታምሽበት።

የቆጪው ልጅ፦
ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። እሁድ በጠዋት ጋቢ ተከናንቤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ጎረቤታችን ታመምክ እንዴ አለኝ። ሰኞ ግን ቁርስ በላሁ፣ መልስም አላበላሸሁም። የማታውን ቡና መተው ነው የቀረኝ። እናቴ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሲኒ ደርድራ "በረካውን ሳትጠጣ የት ልትሄድ!" ስትል እናንተ ምን ትሏታላችሁ?