ደረቱ የጠበበ የድሮ ፓተርን እንዴት ላስፋ?

ሰላም የስፌት ባለሙያዎች። የምሰፋው ደሴ ነው። በእጄ ያለው እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ የወጣ፣ ሲምፕሊሲቲ የሚባለው ድርጅት ያሳተመው የቀሚስ ፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ) ነው። የታተመው በአንድ ሳይዝ ብቻ ነው፤ 14 ይላል። የዛሬው 14 እንዳይመስላችሁ፤ ደረቱ 34 ኢንች ነው፣ ማለትም 86 ሳንቲ ሜትር። ወገቡ 66 ብቻ።

ቀሚሱ ለእህቴ ነው፣ ለሰርግ። ደረቷ 96 ነው። ትከሻዋ ግን ከፓተርኑ ጋር ልክክ ይላል።

ዋናው ወረቀት ስስ ስለሆነ በሌላ ወረቀት ገለበጥኩት። ከዚያ የጎደለውን 10 ሳንቲ ሜትር ለአራቱ የጎን ጠርዞች እኩል አካፍዬ በአቡጀዲ ሞከርኩ። ከፊት ደረቷ ላይ አሁንም ይወጥራል። ጀርባው ደግሞ ሰፍቶ ተንዘላዘለ። የክንዱ ቀዳዳም ስለሰፋ እጅጌው አልገጥም አለ። እጅጌውን ሳሰፋው ትከሻው ላይ ተጨማደደ። የዚህ ቀሚስ ውበቱ ያ ጥብቅ ያለ ትከሻው ነው፤ እሱ እንዲበላሽ በፍጹም አልፈልግም።

ወገቡ አያሳስበኝም፣ እጥፋቶቹን በማጥበብ ይስተካከላል። የሰርጉ ጨርቅ ግን ልክ ልኩን ስለሆነ አንዴ ከተቆረጠ መተኪያ የለውም።

የክንዱን ቀዳዳና ትከሻውን ሳልነካ የፊቱን ደረት ብቻ ለማስፋት፣ ወረቀቱን ከየት እስከ የት ልሰንጥቀው?